አማኖ ያመነበት ቃል

ሆሳዕና ላይ ታሪክ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ስለ በልዓም ደጋግመው ይጠይቁኛል። የሀዲያው ንጉሥ ጠላቱን እንደሚያሸንፍ የተነበየ ነቢይ ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ1316 ወይም 1317 የሀዲያው ንጉሥ አማኖ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን አልገብርም አለ። በልዓም ወደ ዐፄው እንዳይሄድ፣ እጅ መንሻም እንዳይሰጥ መክሮት፣ ቢዘምቱበት ከነሠራዊታቸው በእጁ እንደሚወድቁ ተንብዮለት ነበር። ዐፄው ዘመቱ፤ አማኖ ተማረከ፤ ብዙ ሕዝብ ተጋዘ። በልዓም ግን አምልጦ ኢፋት ገባ።

ይህን የጻፈው የአሸናፊው ዜና መዋዕል ነውና ነቢዩን ክፉ አድርጎ ቢስለው አይደንቀኝም። እኔ የማከብረው የአማኖን እምቢታ ነው። ያን ያህል ምርኮና ግዞት አይቶም ሀዲያ አልተሰበረም፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሀዲያው ገዥ ገራድ ማሂኮ እንደገና አልገብርም ብሏል።