ሳይሻገር የቀረ ስሌት

መስከረም 1 ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በጢስ ዓባይ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎችም አንድ ሊቅ ተነሥቶ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ያውጃል። ዘመኑ ከአራቱ ወንጌላውያን የማን እንደሆነ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮች ስንት ስንት እንደሆኑ፣ የነነዌ ጾም መቼ እንደምትገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ይናገራል። ገበሬው ይህን የሚሰማው ለጾሙ ብቻ ብሎ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን ለመዳር ስንት ሳምንት እንደቀረው የሚያውቀው ከዚሁ ነው። ነነዌ ከቀደመች ድግሱ ይጣደፋል፤ ከዘገየች ጠላው ረጋ ብሎ ይጠነሰሳል።

ከዚህ አዋጅ በስተጀርባ ባሕረ ሐሳብ የሚባል ትምህርት አለ። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ግን ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። በክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ሲባል ብዙዎቻችን የአሜሪካ ነገር አድርገን እንሰማዋለን። ጎጃም ግን ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ ያጣ አገር አልነበረም፤ የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ያው ነበሩ። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔያቸው፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በሊቃውንታቸው የታወቁ ናቸው። ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን ያንጠለጠለ ተማሪ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው እየዞረ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ይሸጋገራል። በዚህ ሁሉ መካከል ቁጥር የሚያስተምረው ባሕረ ሐሳብ ነው።

ስሌቱን ቤተ ክርስቲያን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ የደረሰው ነው ትላለች። አካሄዱን በ2017 ዓ.ም. እንየው። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 7517 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 2 ይተርፋል፤ ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር ዘመኑ ረቡዕ ገባ ማለት ነው። ያው 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ 11 ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት አበቅቴ 1፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት መጥቅዕ 29 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ተማሪው ተሳስቷል። አሁን ቅርንጫፉ ይመጣል። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 4 ነው። (ቅዳሜ 8 ይዞ ይጀምርና በየቀኑ አንድ እየቀነሰ ዓርብ 2 ላይ ያበቃል።) 29 ሲደመር 4፣ 33፤ 30ው ሲወጣ 3 ይቀራል። መጥቅዑ በመስከረም ሲውል ነነዌ የጥር ናት፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን ወደ የካቲት ትሻገራለች። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3 ገባች፤ ከእሷ ሁለት ወር ከ9 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ።

ፕሮግራም የጻፈ ሰው ይህን አንብቦ እንግድነት አይሰማውም። የሚገባ ቁጥር አለ፣ ቀሪን የሚይዝ ማካፈል አለ፣ «ይህ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» የሚል ቅርንጫፍ አለ፣ ስሕተትን የሚያጋልጥ ማመሳከሪያም አለ። ይህ ሁሉ በቃል ተይዞ፣ በጣት አንጓ ተቆጥሮ፣ ዜሮ በሌለው የግእዝ አኃዝ የሚሠራ ነው።

ይህን ስል ኮምፒውተርን እኛ ፈጠርነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያ ፉከራ ሰልችቶኛል። ባሕረ ሐሳብ አልጎሪዝም ነው እንጂ የአልጎሪዝም ሳይንስ አይደለም፤ መጥቅዕ ለምን 14 ላይ እንደማይውል የኔታን ቢጠይቁ «እንዲህ ነው የተቀበልነው» የሚሉ ይበዛሉ። አውሮፓም ቢሆን ከዚሁ ነበር የተነሣው። የኮምፒውተር ሳይንስ አንጋፋ የሆነው ዶናልድ ክኑት፣ ራሱም ሃይማኖተኛ ሉተራን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የታላቁ ሥራው የመጀመሪያ ቅጽ የፋሲካን ቀን ማግኘት ለተማሪዎች መልመጃ አድርጎ አቅርቧል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ትልቁ የስሌት ሥራ ይኸው እንደነበረም እዚያው ያነሣል። መልመጃው የተመሠረተው በአሎይስዩስ ሊልዮስና በኢየሱሳዊው ክሪስቶፈር ክላቭዮስ ቀመር ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1582 የታወጀው የጎርጎርዮስ ካሌንደር ስሌት ነው።

ያ ቀመር ጎጃምንም ነክቷል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የቆመው ፔድሮ ፓኤዝ የክላቭዮስ ማኅበር አባል፣ ኢየሱሳዊ ነበር። ከእሱ ሞት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከካቶሊክ ሃይማኖት ጋር የሮማን የበዓላት ቁጥር ለመጫን ሞከረ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ጾማችንንና በዓላችንን ለወጡብን የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 ፋሲለደስ ሲነግሡ የድሜጥሮስ ስሌት ወደ ቦታው ተመለሰ። በአገራችን ስለ ስሌት ዘዴ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ኢየሱሳውያኑ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይተው በሌላ በር ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት በሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ናቸው። ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው አስተማሩ። ሳይንሱን አመጡ፤ የአብነቱ ሊቅ ግን ያን ደጅ አልረገጠም። እሱን የሚያስገባ አንድ መንገድ ነበረ፦ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ፣ ያ ኮሌጅ በኋላ በተጠቃለለበት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር። ደርግ ዘጋው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም እንደገና ተከፍቶ በቅርብ ዓመታት ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። በመካከሉ የጠፋው ጊዜ በትክክል ዓለም ኮምፒውተርን የለመደበት ጊዜ ነው።

ባሕረ ሐሳብና ማሽን የተገናኙት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ባለ የቤኔዲክታውያን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ነው። እዚያ ያለው የብራና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያን ገዳማትና አድባራት መጻሕፍት በሺዎች በማይክሮፊልም አስነሥቷል፤ ዛሬ በኮምፒውተር ይነበባሉ። በ1968 ዓ.ም. በወታደሮች ጥይት ተመትተው መራመድ የተሳናቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚያን ብራናዎች በዚያው ተቀምጠው ዘረዘሩ። «ባሕረ ሐሳብ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውንም እዚያው፣ ኮሌጅቪል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ ገብቶ ነበር። ይህንንም የገፉት በአብዛኛው ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በአማርኛ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቀድመው ከደከሙት አንዱ፣ ዶክተር አበራ ሞላ፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

አሁን የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ደጃችን ደርሷል። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ዕርዳታ በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ጀምራ በ1992 ዓ.ም. ባለ ዩኒቨርሲቲ ሆነች። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ተከትሏል፤ ቡሬ ላይም ካምፓስ አለው። ከፍኖተ ሰላም ወደ እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የሄደ ልጅ ኮድ ሲለማመድ የሚሰጠው መልመጃ የፊቦናቺ ተከታታይ ነው። አንዳንዴም በማጋመስና በማጠፍ የሚሠራ ማባዣ ይሰጠዋል፤ ይህን ፕሮግራመሮች «የኢትዮጵያ ማባዛት» ብለው ሰይመውታል። ሩሲያም ግብፅም የሚካፈሉት ዘዴ በስማችን ሲጠራ፣ አያቱ በእውነት የሚያውቁት ስሌት ክፍል ሳይገባ ውጭ ቆሟል።

ጥፋቱ የሁለት ወገን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ባሕረ ሐሳብን «የሃይማኖት» ብለው አላስገቡትም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም ለምን ለሚል ጥያቄ አላመቻቹትም። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን የመጀመሪያውን ሴሚስተር መልመጃ ከዚህ ይጀምሩ፤ አንድ የኔታንም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይጋብዙ። አንባቢም ወረቀት ይያዝና የ2019ን ያስላ፦ መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፣ ነነዌም ያለ ሽግግር የካቲት ላይ ትገባለች። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ካልወጣላችሁ የሆነ ቦታ ላይ ቀሪው አምልጧችኋል።