የግል ቁልፍ

በክሪፕቶ ከረንሲ ዓለም «ዋሌት» የሚባለው ቦርሳ ገንዘብ አይቀመጥበትም። ሳንቲሙ ያለው ብሎክቼይን በተባለው የጋራ መዝገብ ላይ ነው፤ ዋሌቱ የሚይዘው የግል ቁልፉን ነው። የግል ቁልፍ ማለት በምስጢር የሚያዝ ረጅም ቁጥር ነው፤ በቢትኮይንና በኢቴሪየም 256 ቢት። ባለቤቱ እያንዳንዱን ትእዛዝ በዚህ ቁጥር ይፈርማል። መዝገቡ የሚያውቀው ፊርማውን እንጂ ፈራሚውን አይደለም። በእኔ አስተያየት ከቁልፍ ይልቅ ማኅተም ቢባል የተሻለ ይገልጸው ነበር፤ የሰረቀው ሰው ያለውን መውሰድ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱ ስም ማዘዝም ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የደቡብ ኮሪያው የጌም መድረክ ፕሌይዳፕ የደረሰበት ይኸው ነው። የመድረኩን ዲጂታል ሳንቲም (ቶከን) የማተም ሥልጣን ያለው የግል ቁልፍ በሌቦች እጅ ገባ። በመጀመሪያ 200 ሚሊዮን፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ 1.59 ቢሊዮን ፒኤልኤ ቶከን አተሙ። ቀድሞ በገበያ ላይ የነበረው 577 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር።

እነዚህን «ሐሰተኛ» ማለት ግን አሳሳች ነው። ሐሰተኛ ብር በወረቀቱና በቀለሙ ይለያል፤ እነዚህ ቶከኖች ግን ቶከኑን ከሚያትመው ከዚያው ፕሮግራም («ውል» ከሚባለው) በትክክለኛ ፊርማ የወጡ በመሆናቸው ከእውነተኞቹ ጋር አንድ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ የቶከኑ መብዛት ዋጋውን ስለሚያወርድ፣ የራሱን ቁልፍ በጥንቃቄ የጠበቀ ባለ ቶከን ጭምር መጎዳቱ ነው። ድርጅቱ በመጨረሻ ውሉን አግዶ፣ ከስርቆቱ በፊት የነበረውን መዝገብ መሠረት በማድረግ ባለቤቶቹን ወደ አዲስ ቶከን አዛወረ።