የቀጨኔ ባለእጆችና የአዲስ አበባ ሕዝብ አሰፋፈር

የከተማ ሕዝብ ሲጠና ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ በየትኛው ሰፈር የትኛው ብሔረሰብ ይኖራል የሚል ነው። ለአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ የሚያስረዳው ከፊሉን ብቻ መሆኑን ቀጨኔ ያሳየናል።

ቀጨኔ በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ አቀበታማ ሰፈር ነው። በስሙ የሚጠራው ወንዝ ከተራራው ተነሥቶ በከተማው መካከል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጉለሌ የሚለውም ስም፥ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት አገሩን ይዘው ይኖሩ የነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈርን ሥርዓት የተከተለ ነበር። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ ሎሌው፥ ወታደሩና ባለእጁ ደግሞ በየጌታው ግቢ አጠገብ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በርጀስ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ቺካጎ ሲጽፍ፥ ከተማን ከመካከል ወደ ውጭ በሚሰፉ ክቦች ከፍሎ፥ ድኻውን ወደ መካከል፥ ባለጸጋውን ወደ ዳር አድርጎት ነበር። እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ እነዚያን ክቦች በአዲስ አበባ ካርታ ላይ ለመሳል ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የባለጸጋው ግቢና የድኻው ጎጆ በአንድ አጥር ተዋስነው ስለሚገኙ ክቡ አልገጠመም። ኢጣሊያኖችም በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ነጩንና አገሬውን በሰፈር ሊለዩ ዐቅደው የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ወስደዋል። ገበያው በዚያው ሲቀር ልዩነቱ ግን እንዳሰቡት አልጸናም።

በቀጨኔ ያለው ልዩነት ከዚህ የተለየ ነው። ሴቶቹ ጀበና፥ ድስትና ምጣድ ይሠራሉ፤ ከወንዶቹ ሸማ የሚሠሩም ብረት የሚቀጠቅጡም አሉ። ብዙዎቹ የትውልድ አገራቸው ሰሜን ሸዋ ነው፤ ዘራቸውን ከቤተ እስራኤል የሚቆጥሩም አሉ። አማርኛ ይናገራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ሆኖም ጎረቤት ጠይብ፥ አልፎም ቡዳ እያለ ሲጠራቸው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ግን ሽማግሌ ለጋብቻ ከሚላክበት ቤት ድረስ አልዘለቀም። በጀበናው ቡና የሚያፈላው ቤት ልጁን ለጀበና ሠሪዋ ልጅ አይድርም ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚህም 47 በመቶ ያህሉ አማራ፥ 19.5 በመቶው ኦሮሞ፥ 16 በመቶው ጉራጌ፥ 6 በመቶው ትግራዊ ተብሎ ተመዝግቧል። በአፍ መፍቻነት አማርኛን ያስመዘገበው ግን 71 በመቶ ያህል ነው። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ስፋት፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው ልጆች በከተማው ቋንቋ አፋቸውን መፍታታቸውን ያመለክታል። የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ግን ቋንቋውን ይዛው ስለ መጣች፥ በመዝገቡ ከብዙኃኑ ጋር ተቆጥራ ልዩነቷ ይጠፋል።

በዚያው በጉለሌ ተዳፋት፥ በሽሮ ሜዳ በኩል፥ ከጋሞ ደጋ የመጣው የዶርዜ ሸማኔ ይኖራል። እርሱ በቆጠራው የራሱ ስም አለው። በትውልድ አገሩ ከማኅበሩ ተለይተው ይኖሩ የነበሩት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ናቸው እንጂ ሸማኔው አልነበረም፤ እርሱ ሙሉ የአገር ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሲገባ ግን በሥራው ምክንያት ከባለእጅ ተራ ተደመረ። እንግዲህ አንዱ ሙያ በአንዱ አገር የሚያስከብር፥ በሌላው የሚያስንቅ ሲሆን፥ ንቀቱ በሙያው ባሕርይ ነው ለማለት እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ ቀጨኔን የሚያጠና ተማሪ ከቋንቋና ከብሔረሰብ ጥያቄ በፊት የጋብቻን ክልል ቢመረምር ይሻላል፤ ይኸውም ሙሽራዪቱ ከየትኛው ሰፈር እንደ መጣች፥ አማቶቿ በምን ሙያ እንደሚተዳደሩ፥ ይህም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ እንዴት እንደ ተለወጠ በየቤቱ መጠየቅ ነው።