ተፈናቃይ ጭንቀቱን ለማን ይነግራል? ከሲሬ እስከ ቶሮንቶ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን ከቀዬው ስለ ተነቀለ ሰው ሲጻፍ መሬቱና ከብቱ ይቈጠራል እንጂ ጭንቀቱን ለማን እንደ ነገረ እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከሲሬ ተነሥተን እንመረምራለን።

ሲሬ የአርሲ ኦሮሞና ከሌላ አገር የመጡ ሰፋሪዎች ዘሮች ተጎራብተው የሚኖሩባት ወረዳ ናት። በአርሲ ምድር መፈናቀል አዲስ ነገር አይደለም። በ1878 ዓ.ም. ከተደረገው የአዙሌ ጦርነት በኋላ ብዙ የአርሲ ሰው በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ትራክተር ሲስፋፋ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኞችን አስነሡ።

ልቡ የታወከ ሰው የሚሄድበት ደጅ ግን ነበረው። በአርሲ የሚገኘው ፈረቀሳ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በሲቲ ሞሚና ስም የታወቀ የፈውስ ሥፍራ ነው። እርሳቸው ራሳቸው ከሰሜን የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ ወደ ደጃቸውም እስላሙም ክርስቲያኑም ስለቱን ይዞ ይጓዝ ነበር። በዚያ ሕመምተኛው ብቻውን አይደለም፤ ምርቃት ይቀበላል፤ ሕመሙም ዛር ተብሎ በሚያውቀው ስም ይጠራል።

ሐኪም ቤቱ ግን ሩቅ ነበር። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና ሥፍራ የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ሲሆን፣ አሰላ ከዚያች ከተማ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ምክንያቱ ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት አገር ልማዱ በተለወጠ ነበር። ሆኖም በካናዳ ቶሮንቶ የሰፈሩ 342 ኢትዮጵያውያን ተጠይቀው በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከሁሉም 5 ከመቶው ስለ አእምሮ ጤናው የሕክምና ባለሙያ ሲያማክር 8 ከመቶው ሌሎችን፣ ይልቁንም የባህል ፈዋሾችን አማክሯል። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል እንኳ የሕክምና ባለሙያ እርዳታ ያገኙት 12.5 ከመቶ ብቻ ናቸው።

ይህን አለማወቅ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሰው ጭንቀቱን የሚነግረው አስቀድሞ ለሚያምነው ነው፤ ይህንም ልማድ ተሰዶ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። በመዘግየቱ የሚጎዳው ግን ጽኑ ሕመም ያለበት ነው። ስለዚህ ፈዋሹን የናቀ ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣዋል፤ ሐኪሙን የከለከለ ፈዋሽም ይጎዳዋል። ስደተኛን የሚቀበል ሐኪም «ምን ያምዎታል?» ካለ በኋላ «እስካሁን ለማን ነገሩ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል እንላለን።