የተሰወረ ደም፤ ስለ ለንደኑ የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ምሳሌ ለደዌ ሁሉ የተነገረ ቢሆንም፣ ኀፍረት ከሁሉ ይልቅ በሚበዛበት የሰውነት ብልት ላይ ሲደርስ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ራሱን የሚፈልጠው ሰው ሻሽ አስሮ ይወጣል፤ ጥርሱን የታመመ ጉንጩን ደግፎ ለጎረቤቱ ያማርራል፤ በዓይነ ምድሩ ላይ ደም ያየ ሰው ግን ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይተነፍስ፣ «ኪንታሮት ይሆናል፣ በርበሬ በዝቶብኝ ይሆናል» እያለ ልቡን እየደለለ፣ ወራቱን አልፎ ዓመቱን ያስቈጥራል። ዛሬ ሐኪሞች የደንዳኔ ካንሰር የሚሉት የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ያን ያህል ሰው የፈጀው በገዛ ኀይሉ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ዝምታ ጋሻ ስለ ሆነለት ጭምር ነው። ዝምታውን ለመስበር ሰዎች ምን ያህል ዘመን እንደ ደከሙ ለማወቅ ለሚሻ አንባቢ የአንድ ቤት ታሪክ መከተል ይበቃዋልና፣ ስለዚያ ቤት፣ ስለ ለንደኑ የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል፣ በቅደም ተከተል ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1835 ፍሬድሪክ ሳልሞን የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ በለንደን ከተማ አልደርስጌት በሚባለው ጎዳና ላይ ሰባት አልጋ ብቻ ያላት አንዲት የሕክምና ቤት ከፈተ። ስም ሲያወጣላትም አንዳች ነገር አልሸፈነም፤ በፊስቱላ (ከፊንጢጣ ውስጥ ወደ ቆዳ በሚከፈት የቁስል ቀዳዳ) እና በሌሎች የፊንጢጣ ደዌያት ለተያዙ ድኾች መርጃ ብሎ ሰየማትና፣ ሰው በሹክሹክታ እንኳ መጥራት የሚያፍረው ብልት በሕዝብ መካከል በስሙ ተጠራ። ባለጸጋ ሰው በዚህ ደዌ ቢያዝ ሐኪሙን እቤቱ አስጠርቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ ይታከም ነበር፤ ጫማ ሰፊው፣ ሠረገላ ነጂው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትሰፋው ሴት ግን መቀመጥ በተሳናቸው ቀን እንጀራቸው ይቋረጣል፤ ለማን ሄደው ምን ብለው እንደሚናገሩም አያውቁም። ለእነርሱ የሳልሞን ደጅ ሲከፈት፣ ቤቲቱ ወዲያው ጠበበችና በ1838 ወደ ሰፊ ስፍራ መዛወር ግድ ሆነባት። ደዌው የድኻ ብቻ እንዳልሆነ የሚመሰክረው ደግሞ፣ በ1841 በጥቅምት ወር በዚሁ በሳልሞን እጅ ፊስቱላውን የተቀደደው ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ነው፤ የሚያደነዝዘው ኤተር ለቀዶ ጥገና የታወቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነበርና፣ ያ ሁሉ ሲሆን ደራሲው ስለቱን በሙሉ ሕዋሱ ይሰማው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲቲ ሮድ በተባለው መንገድ ላይ አዲሱ ሕንፃ ተዘጋጅቶ በ1854 ተከፈተ፤ የተከፈተበትም ዕለት የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ በዓል ስለ ነበረ፣ እኛ ሚያዝያ 30 ቀን የምናከብረው ያ ሐዋርያዊ አባት ለሆስፒታሉ ስሙን ሰጠው። ሰያሚዎቹ ያሰቡት የዕለቱን በዓል ብቻ ቢሆንም፣ ስሙ ከቤቱ ሥራ ጋር መስማማቱን ሳስብ ልቤ ይመሰጣል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን፣ ገንዘቧን ለባለመድኃኒቶች ጨርሳ ሳይሻላት የቀረችውን፣ በሕዝብ ግፊያ መካከል ተሸሽጋ ከኋላ የመጣችውን ሴት ታሪክ ከወንጌላውያን ሁሉ አስፍቶ የጻፈልን ማርቆስ ነውና።

ይሁንና እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ሐኪሞቹ የሚያድኑት ፊስቱላውንና ኪንታሮቱን ነበር፤ ነቀርሳው ወደ እነርሱ የሚደርሰው ሥር ሰድዶ፣ አንጀቱን ዘግቶ፣ ሰውየውን አክስቶ ካበቃ በኋላ ነው። የ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ግን ሁለት ነገር አመጣ፤ አንዱ ብርሃን፣ ሁለተኛው መዝገብ ነው። ብርሃኑ፣ ጆን ፐርሲ ሎክሃርት-ማመሪ የተባለው የቤቱ ሐኪም ሊቃውንቱን ያስለመዳቸው፣ በኤሌክትሪክ መብራት የአንጀትን የታችኛውን ክፍል የሚያሳየው ቀጥ ያለ መመልከቻ ቱቦ ነው። መዝገቡ ግን ከብርሃኑ ይልቅ ሩቅ ያሳየ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል።

በ1922 ካትበርት ዱክስ የተባለ፣ ከታማሚ የተቈረጠውን ሥጋ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሊቅ ወደ ሆስፒታሉ ገባ። ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣለትን የአንጀት ቁራጭ በርዝመቱ ሰንጥቆ ዘርግቶ፣ ነቀርሳው የግድግዳውን ስንተኛ ንጣፍ እንደ በላ ይለካል፤ በዙሪያው ካለው ስብ ውስጥ፣ ሲያብጡ ሕዝባችን ንፍፊት የሚላቸውን ደቃቃ ዕጢዎች አንድ በአንድ ለቅሞ፣ እያንዳንዱ የተገኘበትን ቦታ በሥዕል ላይ ያመለክታል። ከዚህ ትዕግሥት በ1932 ያ በዓለም ሁሉ የታወቀው የዱክስ አከፋፈል ተወለደ፤ በግድግዳው ውስጥ የተወሰነው ነቀርሳ ኤ፣ ግድግዳውን አልፎ የወጣው ቢ፣ ወደ ዕጢዎቹ የደረሰው ሲ ተባለ። ኤ ላይ የተገኙት አብዛኞቹ ሲድኑ፣ ሲ ላይ የተገኙት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበርና፣ የሰው ሕይወት የሚወሰነው በሐኪሙ እጅ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ደዌው በተገኘበት ጊዜ መሆኑን ይህች የሦስት ፊደል ሠንጠረዥ ያለ ክርክር አስረዳች።

ሌላው መዝገብ በ1924 ተጀመረ። በአንዳንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የአንጀቱ ውስጠኛ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ፖሊፕ በሚባሉ፣ ኪንታሮት በሚመስሉ ትንንሽ የሥጋ ቡቃያዎች ይሸፈናል፤ እንዲህ ያለው ሰው ካልታከመ በጐልማሳነቱ በነቀርሳ መያዙ አይቀርም፤ ልጆቹም ያንኑ ሊወርሱ ይችላሉ። ሎክሃርት-ማመሪና ዱክስ የእነዚህን ቤተ ሰቦች የትውልድ ሐረግ ማጻፍ ሲጀምሩ፣ ሥራው የወደቀው በሪቻርድ ባሲ ላይ፣ ያን ጊዜ ገና ወጣት የቤተ ሙከራ ረዳት በነበረው ሰው ላይ ነበር። ባሲም ዕድሜውን በሙሉ በዚያ መዝገብ ላይ አሳለፈ፤ አያት ከልጅ፣ ልጅ ከልጅ ልጅ እያያያዘ፣ ማን በስንት ዓመቱ እንደ ታመመና ማን እንደ ዳነ እየጻፈ ኖሮ፣ በ1975 የምርምሩን ፍሬ በመጽሐፍ አሳተመው። በአብያተ ክርስቲያናችን ሙታን በየስማቸው የሚታሰቡበት መዝገብ እንዳለ እናውቃለን፤ የባሲ መዝገብ ግን የሞቱትን የጻፈው ሕያዋኑን ለመጥራት ነው፤ የሞተው አባት ስም ጤነኛውን ልጅ «ሳያምህ ና፣ እንይህ» ብሎ ያስጠራው ነበርና። ዛሬ ቅድመ ምርመራ የምንለው፣ ደዌውን ምልክቱ ሳይታይ በጤነኛው ሰው ላይ የመፈለግ ልማድ፣ ለዚህ ነቀርሳ አንዱ ምንጩ በዚህ የቤተ ሰብ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

የዱክስ ወራሽ የሆነው ባሲል ሞርሰን ይህንኑ ሐሳብ ከጥቂት ቤተ ሰቦች አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ሁሉ አሰፋው። የአብዛኛው ሰው የአንጀት ነቀርሳ ከጤነኛ ሥጋ በድንገት እንደማይፈነዳ፣ ነገር ግን አስቀድሞ ከበቀለ ከአንድ ትንሽ ፖሊፕ ቀስ እያለ እንደሚያድግ፣ ለዚህም ዘወትር ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚወስድበት፣ ከብዙ ሺህ ናሙና አስረዳ። ነገሩን በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ብናገር፣ ለሰው ዘመነ ምሕረት ተሰጥቶታል ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ቡቃያው ቢነቀል ዛፉ አይኖርምና። መንቀሉንም በ1969 በኒው ዮርክ ሺንያና ዎልፍ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አሳኩት፤ ኮሎኖስኮፕ በተባለው ተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ቀጭን የሽቦ ወስፈንጥር አሳልፈው፣ ሆድ ሳይቀደድ ፖሊፑን ከሥሩ አንቀው ቈረጡት።

ነገር ግን ጤነኛውን ሕዝብ ሁሉ በቱቦ መመርመር ስለማይቻል፣ ማን ወደ ምርመራው ይጠራ የሚለው ጥያቄ ቀረ። መልሱ ፖሊፑና ነቀርሳው አልፎ አልፎ ከሚያንጠባጥቡት፣ ዓይን ከማያየው ጥቂት ደም ተገኘ። በካሪብ ባሕር ደሴቶች የሚበቅል ጉዋያክ የሚባል ዛፍ አለ፤ ሙጫው ደም ባለበት ነገር ላይ ፈሳሽ መድኃኒት ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊ ቀለም እንደሚለወጥ ቫን ዴን የተባለ ሊቅ በ1864 ገልጦ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ግሪጎር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ሙጫ የጠጣ ወረቀት ለታካሚዎቹ ሰጥቶ የዓይነ ምድራቸውን ናሙና በየቤታቸው እንዲያዘጋጁ አደረገ፤ በዚህም ከሁሉ የሚያሳፍረው ሥራ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ብቻውን ለሚሆነው ሰው ተተወ። በ1975 በሚኒሶታ ከ46,000 የሚበልጡ ሰዎች የገቡበት ጥናት ተጀምሮ፣ ውጤቱ በ1993 ሲወጣ፣ በየዓመቱ እንዲመረመሩ በተመደቡት ዘንድ በዚህ ነቀርሳ መሞት በ33 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ።

የቅዱስ ማርቆስ ቤትም የራሱን ድርሻ ጨመረ። ዌንዲ አትኪን የተባለች የሆስፒታሉ ተመራማሪ፣ ከሞርሰን ጋር ሆና የቀድሞ ታካሚዎችን መዝገብ ገልጣ 1,618 ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ከተከታተለች በኋላ፣ በመካከለኛ ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የታችኛውን አንጀት አይቶ ፖሊፑን ማንሳት ለረጅም ዘመን ይጠብቅ እንደ ሆነ ጠየቀች። ጥያቄውን ለመመለስ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 64 የሆኑ 170,432 ሰዎች በጥናት ውስጥ ገቡ፤ በ2010 መልሱ ሲታወቅ፣ መጥተው በተመረመሩት ዘንድ በነቀርሳው መያዝ በ33 ከመቶ፣ በእርሱ መሞትም በ43 ከመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሞት ብቻ ሳይሆን ደዌው ራሱ እንዳይወለድ ማድረግ እንደሚቻል እንዲህ ተረጋገጠ።

በእንግሊዝ ከ2006 ጀምሮ መንግሥት የምርመራውን ዕቃ በፖስታ ወደ ቤት ይልካል፤ በለንደን የሚኖረው የአገራችን ሰውም ዕድሜው ከደረሰ ይደርሰዋል። ቀድሞ ከሦስት ቀን ናሙና በወረቀት ላይ መቀባት ያስፈልግ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ የሚመጣው ግን ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው፤ ክዳኑ ላይ ትንሽ ዘንግ ተተክሎበታል፤ ዘንጉን ዓይነ ምድሩ ላይ ጫር ጫር አድርጎ፣ ወደ ብልቃጡ መልሶ፣ ክዳኑን ጠቅ እስኪል ገጥሞ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ቴምብር በማያሻው ፖስታ መልሶ መላክ ነው። ሥራው ከቡና ማፍላት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ሆኖም ብልቃጡ ከነፖስታው በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ሊቀር ይችላል፤ እንግሊዝኛው ለከበዳቸው እናትና አባት የሚያነብላቸው ካልተገኘ፣ ወይም ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለወላጁ ማንበብ ካፈረ፣ የሁለት መቶ ዓመት ድካም በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ አስተማሪ የሆነ ሁሉ፣ በሆስፒታል ቢሆን በሰንበቴ፣ በዕድር ቢሆን በቤተ ሰብ ገበታ፣ አራት ነገር ደጋግሞ ይንገር። ምርመራው ለታመመ ሳይሆን «ደኅና ነኝ» ለሚል ሰው የተሠራ ነው። ደም ተገኘ ማለት ነቀርሳ ተገኘ ማለት አይደለም፤ በቱቦ ይታይ ማለት ነው፤ ከተጠሩትም የሚበዙት ነቀርሳ የለባቸውም። ደሙን በዓይኑ ያየ፣ የሆዱ ልማድ ተለውጦ የሰነበተ፣ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን ብልቃጡን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ይሂድ። ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ደዌ የተያዘበትም ከሌላው አስቀድሞ መታየት ስለሚያስፈልገው ለሐኪሙ ይንገር። ኮሶ የጠጣ ሰው ለምን ከቤት እንደ ዋለ ለጎረቤቱ ሳያፍር ይናገር በነበረበት አገር ያደግን ሰዎች ነንና፣ ስለ አንጀት መነጋገር ለእኛ ጭራሽ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆስፒታሉ በ1995 ከሲቲ ሮድ ወደ ከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ኖርዝዊክ ፓርክ ተዛወረ። ከእርሱ የወጣውን ዕውቀት ሁሉ ስናስብ ግን መነሻው የሊቃውንቱ አእምሮ ብቻ እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባናል። ከሰባቱ አልጋዎች በአንዱ ላይ የተኛው ጫማ ሰፊ፣ ለባሲ የእናቷንና የአያቷን አሟሟት እየቈጠረች ያስጻፈችው ሴት፣ ስማቸው ባይታወቅም፣ ኀፍረታቸውን አሸንፈው የተናገሩት ቃል ነው መዝገቡን የሞላው። በማርቆስ ወንጌል ያለችውም ሴት ከተፈወሰች በኋላ ተሸሽጋ አልሄደችም፤ እየተንቀጠቀጠች ወደ ፊት ወጥታ እውነቱን ሁሉ ተናገረች እንጂ። እኛም ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች የተቀበልነው ውርስ በእጃችን ስላለ፣ ከመሳቢያው አውጥተን፣ ቀኑን ጽፈን፣ እንላከው።