ገዢና ወላጅ በጥንታዊ የቻይና ጽሑፎች

ወላጅን ማክበርና መጦር፣ በቻይንኛ ስሙ ሺያው፣ በጥንታዊ የቻይና ሥነ ጽሑፍ ሥር ከሰደዱት የግብረ ገብ ሐሳቦች አንዱ ነው። አባትና እናትን በሕይወት ሳሉ መመገብና ማክበርን፣ ሲሞቱ በወጉ መቅበርን፣ ከዚያም በኋላ ለቅድመ አያቶች መሥዋዕት ማቅረብን ያጠቃልላል። ከዦው ሥርወ መንግሥት መነሣት፣ ማለትም ከ1046 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ፣ አንሥቶ እስከ ሃን ዘመን በተጻፉት መጻሕፍት ይህ ሐሳብ ለብቻው የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለ ወላጅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ስለ ገዢም ይነሣል። የሁለቱ ዝምድና በተለምዶ የሚተረጎመው በአንድ አቅጣጫ ነው፦ በቤቱ ለአባቱ መታዘዝ የለመደ ልጅ በአደባባይ ለንጉሡ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ነገሥታት ሺያውን ያስፋፉት ለዙፋናቸው ሲሉ ነው ይባላል። ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው፤ ዋናውን ነገር ግን ይስታል። ጽሑፎቹ ሲመረመሩ ወላጅን መጦር አስቀድሞ በገዢው ላይ የተጣለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ሕዝቡ ወላጆቹን የሚጦርበት ጊዜና ጉልበት እንዲኖረው ማድረግ የገዢው ግዴታ ነው፤ ይህን የነፈገ ገዢ የሥልጣኑን ምክንያት በገዛ እጁ ያፈርሳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የጥንት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሰማይ ሹመት

ዦዎች የሻንግን ሥርወ መንግሥት ገልብጠው ሥልጣን ሲይዙ፣ ለድላቸው ከጦር ኃይል የላቀ ምክንያት ማቅረብ ነበረባቸው። በ«ሹ ጂንግ»፣ በሰነዶች መጽሐፍ፣ የተሰበሰቡት አዋጆች ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳሉ፦ ሰማይ ሥልጣን የሚሰጠው ሕዝብን ለሚጠብቅ ነው፤ የሻንግ የመጨረሻ ንጉሥ ሕዝቡን ስለ በደለ ሹመቱ ተነሥቶ ለዦው ተሰጠ። ሊሻር የሚችል ሹመት ግዴታ ያለበት ሹመት ነው። ከእነዚህ አዋጆች አንዱ «ካንግ ጋው» ሲሆን፣ የቀድሞውን የሻንግ ሕዝብ እንዲያስተዳድር ለተላከ የዦው ልዑል የተሰጠ መመሪያ ነው። መመሪያው ልዑሉን ሕዝቡን እንደ ሕፃን እንዲጠብቅና በቅጣት እንዳይቸኩል ያዘዋል። አባቱን የማያገለግልን ልጅ ከከባድ ወንጀለኞች ተርታ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን በዚያው ስፍራ ልጁን የማይወድን አባትና ለታናሹ የማይራራን ታላቅ ወንድም አብሮ ይወቅሳል። ስለዚህ ገና ከጥንቱ የቤተሰብ ግዴታ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ አልነበረም።

የዚህ መጽሐፍ መክፈቻ የሆነውን የያውንና የሹንን ታሪክ ሊቃውንት ከዦው አዋጆች በኋላ የተጻፈ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ግን ከአዋጆቹ ጋር አንድ ነው። ያረጀው ንጉሥ ያው ተተኪ ሲፈልግ፣ ባለሟሎቹ ማዕረግ የሌለውን ሹንን ይጠቁሙታል። ሹን ዐይነ ስውር የሆነ ልበ ደንዳና አባት፣ ተንኮለኛ እናትና ትዕቢተኛ ወንድም እያሉት ቤቱን በፍቅር አስማምቶ የኖረ ሰው ነው። ያው ሁለት ሴቶች ልጆቹን ድሮለት፣ በቤቱ እንዴት እንደሚኖር ይፈትነዋል። እዚህ ላይ ሺያው የሚጠየቀው ከሚገዛው ሕዝብ ሳይሆን ሊገዛ ከታጨው ሰው ነው። ክፉ አባትን ሳይጠላ፣ በክፋቱም ሳይተባበር መኖር የቻለ ሰው ኃይል ሲሰጠው እንደማይበድልበት የሚታመንበት መመዘኛ ይህ ነበር።

በቅኔ የቀረበ ስሞታ

በ«ሺ ጂንግ»፣ 305 ግጥሞችን በያዘው የቅኔ መጽሐፍ፣ ከቤተ መንግሥት ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ስሞታቸውም ስለ ወላጅ ነው። «ባው ዩ» የተሰኘው ግጥም ተናጋሪ በንጉሥ ሥራ ተይዞ እህሉን መዝራት አልቻለም፤ ወላጆቹ ምን በልተው እንደሚኖሩ ሰማይን ይጠይቃል። «ልያው ኧ» ደግሞ ወላጆቹን ሳይጦር በሞት የተለዩት ልጅ ልቅሶ ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ለእነርሱ የሚገባውን እስከ መጨረሻ አለመፈጸሙ ያንገበግበዋል። በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ተከሳሹ ልጁ አይደለም። ልጁ ግዴታውን ያውቃል፣ ሊፈጽመውም ይፈልጋል፤ ከዚያ የሚያግደው ማብቂያ የሌለው የመንግሥት ሥራ ነው። ወላጆች ጧሪ ቀባሪ ያጡት በገዢው ጥፋት ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው «ስ ሙ» የተሰኘው ግጥም ነው። በአራት ፈረሶች የሚሳብ ሠረገላ እየነዳ ለንጉሥ መልእክት የሚጓዝ ሹም አባቱንና እናቱን ለመንከባከብ ፋታ እንዳጣ ይናገራል። በጥንቱ የቻይና የሥርዓት መጽሐፍ መሠረት ግጥሙ በመኳንንት ግብዣ ላይ በይፋ ይዘመር ነበር፤ የጥንት ተርጓሚዎችም ከመልእክት የተመለሱ ሹማምንትን ለማጽናናት የተዘጋጀ ነው ብለዋል። የባለሥልጣን ድግስ የአገልጋዩን ስሞታ በዜማ የሚያሰማ ከሆነ፣ ገዢው ለወላጅ የሚገባን ጊዜ መውሰዱን አምኖ ዕዳውን ይቀበላል ማለት ነው።

ኮንፊሺየስና ሜንሺየስ

በሉ መስፍንነት ግዛት የኖረው ኮንፊሺየስ (551–479) ይህን ቅርስ ወደ ትምህርት ለወጠው። ለምን መንግሥትን እንደማያገለግል ሲጠየቅ፣ የሰነዶችን መጽሐፍ ጠቅሶ በቤት ውስጥ ወላጅን ማክበርና ከወንድም ጋር መስማማት ራሱ የአስተዳደር ሥራ ነው ሲል መለሰ። የጪ መስፍን ጂንግ ስለ መንግሥት ሲጠይቀው ደግሞ፣ ገዢም ሹምም፣ አባትም ልጅም እያንዳንዱ የስሙን ሥራ ይሥራ የሚል መልስ ሰጠ። ይህ መልስ ለታዛዦች ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ ተደርጎ ይነበባል፤ ነገር ግን የሰማው ሰው መስፍን ነው፣ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የቆመውም የገዢው ግዴታ ነው።

ሜንሺየስ (372–289 ገደማ) ነገሩን ወደ እርሻና ወደ ማዕድ አወረደው። ለሊያንግ ንጉሥ ለሁዊ ሲናገር፣ ለእያንዳንዱ ቤት በቻይና የመሬት መለኪያ አምስት ሙ የሚሆን ቦታ ተሰጥቶ ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ ቢተከልበት የ50 ዓመት ሰዎች ሐር ለመልበስ፣ ከብትና ዶሮ በጊዜው ቢረባ የ70 ዓመት ሰዎች ሥጋ ለመብላት እንደሚበቁ ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሺያው ቢሰበክ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው በመንገድ ላይ ሸክም አይሸከምም ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያሻል፦ መሬቱና የእርሻ ጊዜው ይቀድማል፣ ስብከቱ ይከተላል። በዘር ወቅት ገበሬውን ለዘመቻ የሚወስድ ገዢ ወላጆችን ለብርድና ለረኃብ እንደሚዳርግ የሚናገረውም ይኸው መጽሐፍ ነው። የሻንግን የመጨረሻ ንጉሥ መገደል በተመለከተም ሜንሺየስ፣ ደግነትንና ጽድቅን ያጠፋ ሰው ንጉሥ መባሉ ይቀራል፤ የተገደለው ተራ ወንበዴ ነው የሚል አቋም ይዟል።

የተቃዋሚዎች ክርክር

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከኮንፊሺየስ ወገን ራሱ የሚመጣ ነው። ደቀ መዝሙሩ ዮው፣ ወላጁን የሚያከብርና ታላቁን የሚሰማ ሰው በበላዮቹ ላይ የሚነሣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ሁከትም አይወድም ብሏል። ይህ ንግግር ሺያው ለሥርዓት እንደሚጠቅም ይመሰክራል። ነገር ግን የአንድ ነገር ጥቅም ሁልጊዜ የተፈለገበት ምክንያት አይደለም፤ ዮው ራሱ እዚያው ላይ ሺያውን የሰብአዊነት ሥር ይለዋል እንጂ የመታዘዝ ሥር አይለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሞዚ ከተባለው ሊቅ የመጣ ነው። እርሱ ለራስ ወገን ማድላት የጦርነትና የዝርፊያ ምንጭ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉን በእኩልነት ይውደድ አለ። የሜንሺየስ መልስ ፍቅር ከቤት ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሰፋል የሚል ነበር። የራሱን ሽማግሌዎች ያከበረ ገዢ አክብሮቱን ወደ ሌሎች ሽማግሌዎች ማድረስ ይችላል፤ በቤቱ ያልተማረውን ግን ከየትም አያመጣውም። ዪ ዥ የተባለ የሞዚ ተከታይ ከትምህርቱ ውጪ ወላጆቹን በታላቅ ክብር መቅበሩን ሜንሺየስ ያነሣበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞ በ233 የሞተው የሃን ፌይ ነው። አባቱ በግ መስረቁን ለባለሥልጣን የመሰከረን ሰው ታሪክ ኮንፊሺየስም ያውቀዋል፤ የእርሱ ፍርድ አባትና ልጅ አንዱ የሌላውን ጥፋት መሸፈናቸው ራሱ ቅንነት ነው የሚል ነበር። ሃን ፌይ ይህን ወስዶ፣ ሽማግሌ አባቱን የሚጦርለት ስለሌለ ከጦር ሜዳ ሦስት ጊዜ የሸሸን ሰው ታሪክ ጨመረበት፤ ለአባቱ ታማኝ የሆነ ልጅ ለንጉሡ ከሃዲ ነው ብሎም ደመደመ። ይህ ክርክር እንደ ማስረጃ ሊታይ ይገባል። ሺያው ለዙፋን የተሠራ የመታዘዝ ትምህርት ቢሆን ኖሮ፣ ከማንም በላይ የንጉሥን ኃይል የደገፈው ሊቅ እንደ ጠላት ባልቆጠረው ነበር።

የሃን ፌይ ሥጋት መሠረት እንደነበረው በ1993 እ.ኤ.አ. በሁቤይ ክፍለ ሀገር ጉዎድያን ከተባለ ስፍራ የወጡት የቀርከሃ ጽሑፎች ያረጋግጣሉ። በ300 ገደማ ከተዘጋ መቃብር ከተገኙት ከ700 በላይ የተጻፈባቸው ቀርከሃዎች መካከል ያለ አንድ ጽሑፍ የአባትና የገዢ ሐዘን ሲጋጭ የቱ እንደሚቀድም ያትታል፤ ለአባት ሲባል ለገዢው የሚደረገው ይቀራል እንጂ ለገዢ ሲባል ለአባት የሚደረገው አይቀርም የሚል ብይን ይሰጣል። ሜንሺየስም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ላቀረበለት ፈታኝ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከዚህ ጋር ይስማማል። የሹን አባት ነፍስ ቢያጠፋ ሹን ምን ያደርግ ነበር? ዳኛው አባቱን እንዳይዝ አይከለክልም፣ ሕጉ የእርሱ የግል ንብረት አይደለምና፤ ነገር ግን ዙፋኑን እንዳለቀ ጫማ ጥሎ፣ አባቱን በድብቅ ተሸክሞ ወደ ባሕር ዳርቻ በመሸሽ እዚያ በደስታ ይኖር ነበር። እንዲህ ያለው መልስ ፍትሕን ያዋርዳል የሚሉ አሉ። ዋናው ጉዳይ ግን ሹን ንጉሥ ሆኖ አባቱን አለማስመለጡ ነው። አባቱን ሊያድን ሥልጣኑን መልቀቅ ነበረበት፤ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ አልተፈቀደለትም።

የመምከር ግዴታ

ወላጅን ማክበር ያለ ጥያቄ መታዘዝ አለመሆኑን የታሪክ ጽሑፎችም ይናገራሉ። «ዙዎ ዧን» የተባለው የታሪክ መጽሐፍ የሚጀምረው በ722 በተፈጸመው የዠንግ መስፍን ዧንግ ታሪክ ነው። እናቱ ታናሽ ወንድሙን ወድዳ በዓመፁ ስለ ተባበረች መስፍኑ አጋዛት፤ ከመሬት በታች ካልሆነ ዳግመኛ ላያያትም ማለ። በመሐላው ተጸጽቶ ሳለ ዪንግ ካውሹ የተባለ ሹም በግብዣው ላይ ሥጋውን ለእናቱ አስቀርቶ፣ መስፍኑ ምክንያቱን እንዲጠይቅ አደረገው። ከዚያም ውኃ እስኪገኝ ዋሻ ተቆፍሮ እናትና ልጅ በውስጡ እንዲገናኙ መከረ። በታሪኩ ውስጥ የበታቹ ሹም የበላዩን ገዢ በሺያው ሲያስተምር እናያለን።

ሺዩንዚ የተባለው ሊቅ ከዚህም አልፎ፣ መታዘዙ ወላጅን ለአደጋ ወይም ለውርደት የሚዳርግ ከሆነ ጥሩ ልጅ አይታዘዝም፤ ጽድቅ ከአባትም ከገዢም ይበልጣል ብሎ አስተማረ። ከ2,000 ያነሱ ፊደላትና 18 ምዕራፎች ያሉት «ሺያው ጂንግ» ከንጉሠ ነገሥት እስከ ተራ ሰው የየማዕረጉን ግዴታ ሲደረድር የታዛዥነት መጽሐፍ ይመስላል። ሆኖም የአባትን ትእዛዝ ሁሉ መፈጸም ሺያው ይባል እንደሆነ ዜንግዚ የተባለው ደቀ መዝሙር ሲጠይቅ፣ መጽሐፉ ኮንፊሺየስን በቁጣ ሲመልስ ያቀርበዋል፦ አባት ሲሳሳት ልጅ፣ ገዢ ሲሳሳት ሹም መከራከር አለበት። ገዢውን ከጥፋት የሚጠብቁት የሚቃወሙት አማካሪዎች ናቸው።

ከጪን ወደ ሃን

በ1975 እ.ኤ.አ. ሹዪሁዲ በተባለ ስፍራ የተገኙት፣ ከሃን በፊት የነበረው የጪን መንግሥት የሕግ ጽሑፎች አባት በማይጦረው ልጅ ላይ በመንግሥት በኩል የሞት ቅጣት መጠየቅ ይችል እንደነበር ያሳያሉ። ሕዝቡን በግዳጅ ሥራና በዘመቻ ያስጨነቀው ይህ መንግሥት ከሺያው ግማሹን፣ የልጁን ዕዳ፣ ብቻ ወስዶ የገዢውን ዕዳ ተወ። በሃን ዘመን ነገሩ የተደበላለቀ ነው። ከ134 ጀምሮ እያንዳንዱ አውራጃ ወላጁን የሚያከብርና ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ለሹመት እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ የነገሥታቱም የሙት ስም ሺያው የሚለውን ቃል ይዞ ወጣ። ይህ ዙፋኑ ከሺያው ክብር ለመካፈል መሻቱን ያሳያል። በሌላ በኩል በ66 የወጣ አዋጅ የወላጁን ጥፋት የደበቀ ልጅ እንዳይቀጣ ደነገገ። ኮንፊሺየስ ስለ በግ ሌባው የሰጠው ፍርድ የመንግሥት ሕግ ሆነ፤ መንግሥት በአባትና በልጅ መካከል የማይገባበት ወሰን እንዳለ በራሱ አዋጅ አመነ።

እነዚህ መጻሕፍት ገዢውን ዕዳውን እንዲከፍል የሚያስገድድ ፍርድ ቤት አላቆሙም፤ በዚህ ረገድ ድክመታቸው ግልጽ ነው፤ ብዙ ነገሥታትም በስማቸው ጨቁነዋል። ነገር ግን ጨቋኙ የሚፈረድበትን መለኪያ ያስቀመጡት እነርሱ ናቸው። የመለኪያው ጥያቄ ቀላልና ማንም የሚገባው ነው፦ በዚህ ገዢ ዘመን ልጆች ወላጆቻቸውን መጦር ችለዋልን? ሺያውን የመታዘዝ ትምህርት ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው የጪንን ግማሽ ይዞ ሌላውን ግማሽ ይጥላል። ሙሉ ሐሳቡ ግን ከልጁ ከመጠየቁ በፊት ገዢውን ይጠይቃል።