ሚያዝያ 27፣ ሁለት ጊዜ

የካማሺ ሙቀት ሳይበረታ፣ ደንበኛም ሳይገባ፣ የቀን ማኅተሙን ቁጥር በጣቴ አንድ እርምጃ አዞራለሁ። ማኅተሙ የማያርፍባቸው ጥቂት ዕለታት አሉ፤ አንዱ ሚያዝያ 27 ነው። ባንኩ ዝግ ነውና ሳነብ እውላለሁ። አንድ ቀን በታሪካችን መዝገብ ሁለት ጊዜ መስፈሩም ዘወትር ይደንቀኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወጥተዋል፤ ከተማይቱ ተዘርፋና ተቃጥላ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ሙሶሊኒ በሮማ ከሰገነቱ ሆኖ ድሉን አወጀ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል ተመልሰው ገቡ።

በሌላም አገር እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የነበሩት ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን የነጻነት አዋጁ በጸደቀ በ50ኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1826፣ በአንድ ዕለት ዐረፉ። ያ የሞት ሥራ ነው፣ ማንም አልቀጠረውም። የእኛው ግን የቀጠሮ ሽታ አለው። አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነበር፤ ንጉሡም በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ደርሰዋል። እንግሊዞች «በከተማይቱ ላሉት ጣልያናውያን እንሰጋለን» እያሉ አዘገዩአቸው። ንጉሡ ግን መዘግየቱን ቀጠሮ አደረጉት ብዬ አምናለሁ። በእኛ ሙያ የተሳሳተ ሂሳብ አይፋቅም፤ በተቃራኒው ወገን ተመዝግቦ ይጣፋል እንጂ።

ደርግም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ንጉሡን ሲሽር ቀናቸውንም ሻረ፤ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው። ሚያዝያ 27 የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

የንጉሡ መንገድ ከእኛ አይርቅም። ጥር 12 ቀን 1933፣ በጥምቀት ማግስት፣ ከሱዳን በኦሜድላ ተሻግረው፣ ከአባይ ማዶ በመተከል ምድር ባለው በበላያ ተራራ ሰፍረው ነበር። ስንቅና ጥይት የጫኑ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች በዚያ ቆላና አቀበት አልቀዋል። ለእነርሱና መንገድ ለመሩት የአገሬው ሰዎች የተቆረጠ ቀን የለም።

ጎጃም ያሉት አያቴ በዚያ ዘመን ሕፃን ነበሩ። አባታቸው ለአርበኞች ስንቅ ይዘው በክረምት እንደ ወጡ ቀሩ፤ የወደቁበትን ዕለት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ይዘክሯቸው ነበር። በዓሉ ወደ መጋቢት ሲዞር እርሳቸው አልዞሩም። የቀበሌ ሰው መጥቶ «ምን በዓል ነው?» ቢላቸው፣

«የአባቴ ሙት ዓመት ነው፤ ግባና ቅመስ» አሉት።